ተራራውን የጻፉት እና ተራራው ላይ የኖሩት

በ2008 ዓ.ም. በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የነበረችው የግጭ መንደር ባዶ ሆነች። ወደ 2500 የሚጠጉ ሰዎች ገብሳቸውን፣ ከብቶቻቸውንና የአባቶቻቸውን መቃብር ትተው ወደ ደባርቅ ከተማ ወረዱ። በዓመቱ ዩኔስኮ ፓርኩን «በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች» መዝገብ ሰረዘው። በመግለጫዎቹ ላይ ሁለቱም እንደ ድል ተነገሩ፤ አንደኛው ለተራራው፣ ሌላኛው ለአገሪቱ ስም።

የግጭ ገበሬ መነሳት ግን በ2008 ዓ.ም. የታሰበ ነገር አይደለም። ሐሳቡ የተጻፈው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት ነው። ጻፊዎቹ በአገሪቱ ጥቂት ወራት የቆዩ ሰዎች ናቸው፤ የጻፉትም የግጭ ገበሬ በማያነበው ቋንቋ ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ሰሜን ተራሮች ብዙ መጻሕፍት ታትመዋል፤ የኋለኞቹም የፊተኞቹን አርመዋል። ውሳኔው ግን የመጀመሪያውን መጽሐፍ ይዞ ቀጠለ። ለምን? የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይህ ነው። (ዓመታቱ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

▪️ የመጀመሪያው ጽሑፍ

በ1963 ዩኔስኮ አንድ የባለሙያዎች ቡድን ወደ ኢትዮጵያ ላከ። ከአባላቱ አንዱ ጁሊያን ሀክስሊ ነበሩ፤ የዩኔስኮ የመጀመሪያው ዋና ዳይሬክተር፣ በ1961 የተቋቋመው የዓለም የዱር እንስሳት ፈንድም አንዱ መሥራች። ቡድኑ ስለ ኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ መኖሪያቸው ጥበቃ ሪፖርት አዘጋጀ። ቁም ነገሩ አጭር ነበር። አገሪቱ በዓለም የሌሉ እንስሳት አሏት፤ እየጠፉ ነው፤ ብሔራዊ ፓርኮች ይቋቋሙ።

ጊዜውን ማስታወስ ይገባል። እነዚያ ዓመታት የአፍሪካ ቅኝ ግዛቶች ነፃ የሚወጡባቸው ነበሩ። በኬንያ፣ በታንጋኒካ፣ በኡጋንዳ የአደን ክልልና የፓርክ ኃላፊ የነበሩ አውሮፓውያን የቅኝ አስተዳደሩ ሲያበቃ ብዙዎቹ አማካሪ ሆነው ተቀጠሩ። ይዘውት የሄዱት እውቀት በሳቫና ሜዳ የተማሩትን ነበር፦ መሬቱን ከልል፣ ሰውን አስወጣ፣ ዘበኛ አቁም። ቅኝ ያልተገዛችው ኢትዮጵያም ይህን ትምህርት በገዛ እጇ ተቀበለች። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ፓርክን የዘመናዊነት ምልክት፣ የቱሪስት ገቢ ምንጭ፣ በሩቅ አውራጃዎችም ላይ የማዕከሉን እጅ ማጠንከሪያ አድርጎ ተመለከተው። ስለዚህ ነገሩን «ፈረንጆች ጫኑብን» ብቻ ብሎ መዝጋት ግማሹን ታሪክ መዝለል ነው። ጫኙም ተሸካሚውም ተስማምተው ነበር። በስምምነቱ ላይ ያልተጠየቀው ተራራው ላይ የሚኖረው ሰው ነው።

ሌስሊ ብራውን በኬንያ የእርሻ ባለሙያ የነበሩ፣ ስለ አሞራና ንስር ብዙ የጻፉ ሰው ናቸው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወደ ሰሜንና ወደ ባሌ ተጓዙ፤ ጉዟቸውን በ1965 በመጽሐፍ አሳተሙ። ያን ጊዜ የቀሩትን ዋልያዎች 150 አካባቢ ገመቱ። ግምቱ አስደንጋጭ ነበር፤ መደንገጡም ተገቢ ነበር። ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጀምሮ ጠመንጃ በተራራው በዝቷል፤ የዋልያ ሥጋም ቀንዱም ይፈለጋል። እርሻውም ወደ ገደሉ አፋፍ እየወጣ፣ የአስታ ዛፉ እየተመነጠረ ነበር። ችግሩ ፈጠራ አልነበረም። ጥያቄው ከችግሩ ወደ መፍትሔው የተሄደበት መንገድ ነው።

በጥቅምት 1962 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በሕግ ተቋቋመ፤ 136 ካሬ ኪሎ ሜትር። ከአዋሽ ጋር በዚያው ዓመት በሕግ የጸደቀ ፓርክ ነው። ልዩነቱ፣ ሰሜን ባዶ መሬት አልነበረም። መንደሮች፣ ማሳዎች፣ ቤተ ክርስቲያኖችና መስጊዶች የነበሩበት አገር ነው። ጎንደርን ከሰሜኑ ጋር የሚያገናኘው የነጋዴ መንገድ በሊማሊሞ ያልፍ ነበር፤ ጄምስ ብሩስም በ1770 ወደ ጎንደር የወጣው በዚያ ነው። ሕጉ ሲወጣ ይህ ሁሉ ሰው በአንድ ቀን «በፓርክ ውስጥ ያለ ሰፋሪ» ተባለ።

▪️ ዘበኛው ደራሲ

ፓርኩን በቦታው ተገኝተው ካደራጁት አንዱ ክላይቭ ኒኮል የተባሉ የዌልስ ተወላጅ ናቸው። ከ1967 እስከ 1969 የፓርኩ ኃላፊ ሆነው ሠሩ። በኋላ ጃፓን ኖረው የጃፓን ዜግነት ወስደው፣ እዚያ ታዋቂ ደራሲና የደን ተቆርቋሪ ሆነው በ2020 አርፈዋል። ስለ ሰሜን ቆይታቸው የጻፉት መጽሐፍ በ1971 ታተመ፤ ርእሱ «ከአፍሪካ ጣሪያ» ማለት ነው።

መጽሐፉ ፍቅር አለበት፤ ቁጣም አለበት። ገደሉን፣ ጭላዳውን፣ ጉሙን የሚወድ ሰው የጻፈው ነው። ቁጣው ግን በዋናነት በመጥረቢያና በእሳት ላይ፣ ይህንን አይቶ በሚያልፍ ሹም ላይም ነው። ገበሬው በታሪኩ ውስጥ አለ፤ አንዳንዴ ወዳጅ፣ አንዳንዴ ዘበኛ፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ጫካ ቆራጭ ሆኖ። ለምን እንደሚቆርጥ፣ የሚያርሰው መሬት ከየት እንደመጣ፣ ለማን ግብር እንደሚገብር የመጽሐፉ ዋና ጉዳይ አልነበረም።

ይህ የኒኮል ብቻ ጉድለት አይደለም፤ የዘመኑ ዓይን ነው። ያን ጊዜ ተራራን ለመጠበቅ የሚጻፍ መጽሐፍ ሦስት ገጸ ባሕርያት ነበሩት፦ የሚጠፋ እንስሳ፣ የሚያጠፋ ባላገር፣ የሚያድን እንግዳ። አንባቢውም በለንደን ወይም በኒውዮርክ ስለሆነ ሦስቱን ለመቀበል አይቸገርም ነበር።

▪️ ከበርን የመጡት

በ1970ዎቹ ሌላ ዓይነት ሰዎች መጡ። በስዊዘርላንድ የበርን ዩኒቨርሲቲው ጂኦግራፈር ብሩኖ ሜሰርሊና ባልደረቦቻቸው ሰሜንን በካርታ አነሱ፤ ጥራዛቸው በ1978 ታተመ። ከእነርሱ ጋር የነበሩት ወጣቱ ሃንስ ሁርኒ ከ1975 እስከ 1977 የፓርኩ ኃላፊ ሆኑ። ስዊዞች ከተራራ የመጡ ሰዎች ናቸው። በአገራቸው ተራራ ማለት ላም፣ አይብ፣ የመንደር ስብሰባና የጋራ ግጦሽ ነው። ስለዚህ የሰሜንን ገበሬ ሲያዩ የሚያውቁት ነገር አዩበት።

ሁርኒ አፈሩን ለኩ። ለረጅም ዘመን የታረሰውን ማሳ ካልታረሰው የሣር መሬት ጋር አነጻጸሩ፤ ምን ያህል አፈር እንደሄደ፣ በምን ፍጥነትም እንደሚሄድ ጻፉ። መደምደሚያው የሚያጽናና አልነበረም። ገበሬው እንዳለው ካረሰ የራሱን ልጆች መሬት እያሳጠበ ነው። ነገር ግን ከዚህ እውነት ሁርኒ ያወጡት ትምህርት «አስወጡት» ሳይሆን «አፈሩን እንዲይዝ አግዙት» የሚል ነበር። በ1981 በኢትዮጵያ የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም ያቋቋሙትም በዚሁ እምነት ነው።

መጻሕፍቱ መልክ እየለወጡ ሳለ መንግሥቱም ተለወጠ። በ1978 ሰሜን በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ ላሊበላን ጨምሮ በዓለም መጀመሪያ ከተመዘገቡት 12 ቅርሶች አንዱ ሆነ። በዚያው ሰሞን፣ በ1978 እና 1979 መካከል፣ ወታደራዊው መንግሥት ከፓርኩ ውስጥ ወደ 1200 የሚጠጉ ሰዎችን በጉልበት አስወጣ። ምዝገባውና ማፈናቀሉ በአንድ ወቅት መሆናቸው ልብ ሊባል ይገባል። አካባቢው ጦርነት ውስጥ ገባ፤ ፓርኩም ለዓመታት ከጥበቃ ውጭ ሆነ። በግድ የተነሳ ሰው ዘበኛው ሲሄድ ወደ መሬቱ መመለሱ አይቀርም። ሲመለስ ደግሞ ፓርኩን እንደ ጠላት ቆጥሮ ነው።

▪️ 40 በመቶ የተባለው ቁጥር

በዚሁ ጊዜ ስለ ኢትዮጵያ ተራሮች አንድ ቁጥር ዓለምን ዞረ። «በክፍለ ዘመኑ መጀመሪያ የአገሪቱ 40 በመቶ በደን የተሸፈነ ነበር፤ ዛሬ 3 በመቶ እንኳ አይሞላም» የሚል። ያልደገመው ሪፖርት፣ ያልሰማው ተማሪ የለም ማለት ይቻላል። የአሜሪካው አል ጎር በ1992 ባሳተሙት የአካባቢ ጥበቃ መጽሐፋቸው የመውደቂያውን ጊዜ ወደ አራት አሥርት ዓመታት አሳጥረው፣ ከ40 ወደ 1 በመቶ ወረደ ብለው ጻፉ።

የታሪክ ምሁሩ ጄምስ ማካን ቁጥሩን ተከትለው ወደ ምንጩ ሄዱ። በ1997 ባወጡት ጥናት ያሳዩት፣ ከቁጥሩ ሥር ልኬት እንደሌለ ነው። አንዱ ከሌላው እየገለበጠ የኖረ ግምት ነበር። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ተጓዦች ማስታወሻ ደግሞ በማረሻ የኖረውን ደጋ ክፍት፣ ማገዶ የቸገረው አገር አድርጎ ያሳያል። ይህን ለማመን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ዳግማዊ ምኒልክ ከእንጦጦ በኋላ አዲስ አበባንም ለቀው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወሩ ያሰቡት በእንጨት እጦት ነው። ከተማዋን ያተረፋት በ1890ዎቹ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ዛሬ በአዲስ አበባ ዙሪያ የሚታየው ዛፍ ብዛቱ ከዚያ ዘመን ይበልጣል።

ይህ ማለት ደን አልተመነጠረም ማለት አይደለም። በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ብዙ ደን ጠፍቷል፤ በሰሜን ተራሮችም አስታው ተመናምኗል። ነገር ግን «በአንድ ትውልድ ሁሉ ነገር ወደመ» የሚለው ትረካ አንድ ሥራ ይሠራል። አንድ ትውልድ ካወደመው ጥፋተኛው በሕይወት አለ፤ እርሱን ማስነሳት ነው። ሺህ ዓመት የታረሰ አገር ከሆነ ግን ጥያቄው ይከብዳል፦ ይህ ሰው ይህን ሁሉ ዘመን እንዴት ኖረበት? ምን ያውቃል?

▪️ እርከኑ ለምን ፈረሰ

የተሳሳተ ትረካ ዋጋው በወረቀት ላይ አይቀርም። ከ1977 ዓ.ም. ረሃብ በፊትና በኋላ ደጋው በእርከን ተሸፈነ። የዓለም ምግብ ፕሮግራም ስንዴና ዘይት ያቀርባል፣ ገበሬ ማኅበሩ ሰው ያሰልፋል፣ «ምግብ ለሥራ» ይባላል። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት በ1986 ባወጣው ትልቅ የደጋ ጥናት በዓመት ከኢትዮጵያ ደጋ 1.9 ቢሊዮን ቶን አፈር እንደሚሸረሸር ገመተ። ሁርኒ ከምርምር ጣቢያዎቻቸው መረጃ ተነስተው ወደ 1.5 ቢሊዮን አወረዱት፤ በታረሰ ማሳ ላይ በሄክታር 42 ቶን። ያም ቢሆን ከባድ ነው።

ለአጣዳፊ ችግር አጣዳፊ ሥራ ተሠራ። አንድ ዓይነት እርከን ለቆላም ለደጋም፣ ዝናብ ለሚበዛበትም ለሚያንስበትም ታዘዘ። ዝናብ በበዛበት ውሃ አቁሮ ማሳ አበላሸ። እርከኑ የያዘው መሬት ከጠባቡ ማሳ ተቀነሰ፤ የአይጥ መጠለያም ሆነ። ተራሮች ከግጦሽ ተከለከሉ፤ በላያቸው የተተከለው ዛፍ የማን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። ወታደራዊው መንግሥት ሲዳከም፣ በ1982 እና 1983 ዓ.ም.፣ በብዙ ቦታ ሰው ወጥቶ ዛፉን ቆረጠ፤ እርከኑንም አፈረሰ።

አለን ሆበን የተባሉ አንትሮፖሎጂስት ይህን ታሪክ በ1995 ጻፉት። ሆበን በጎጃም ስለ ርስት ያጠኑ፣ ገበሬው ከመሬት ጋር ያለውን ዝምድና ቀርበው ያዩ ሰው ናቸው። ክርክራቸው እንዲህ ይጠቃለላል። ለጋሹ ቶሎ የሚታይ ሥራ ፈለገ፤ መንግሥቱ በገጠር የሚያዝበት መሣሪያ ፈለገ፤ ሁለቱን ያገናኘው «ገበሬው መሬቱን እያጠፋ ነው» የሚለው ቀላል ታሪክ ነው። ታሪኩ ቀላል ስለሆነ ማንም አልመረመረውም።

እዚህ ላይ የኮንሶን ገበሬ ማስታወስ ግድ ነው። በዚያው አገር፣ ማንም ስንዴ ሳይሰፍርለት፣ ለብዙ ትውልድ ድንጋይ ደርድሮ እርከን ሠርቷል፤ በ2011 ያው ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው። የኮንሶ እርከን ያልፈረሰው ባለቤት ስላለው ነው። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይባላል። በደጋው በዘመቻ የተሠራው አጥር ባለቤት አልነበረውም።

▪️ ከሪዮ እስከ ግጭ

በ1992 በሪዮ ዴ ጃኔሮ የተደረገው የመሬት ጉባኤ «አጀንዳ 21» የተባለውን ሰነድ ሲያጸድቅ 13ኛው ምዕራፍ ስለ ተራሮች ሆነ። ተራራ በዓለም ጉዳይነት ሲጻፍ ይህ የመጀመሪያው ነው። ለዚህ ከተከራከሩት መካከል ከሰሜን ካርታ የጀመሩት ብሩኖ ሜሰርሊ ይገኙበታል። ከጃክ አይቭስ ጋር በ1989 ባሳተሙት መጽሐፍ «የባንግላዴሽን ጎርፍ የሚያመጣው የኔፓል ገበሬ ጫካ ስለሚቆርጥ ነው» የሚለውን የተለመደ አባባል ሞግተዋል። በ1997ም ሁለቱ ስለ ዓለም ተራሮች የተዘጋጀ ትልቅ ጥራዝ አርታኢ ሆኑ። በ2002 ዓለም አቀፍ የተራሮች ዓመት ታወጀ፤ ከ2003 ጀምሮም ዲሴምበር 11 የተራሮች ቀን ሆኖ ይከበራል። በእነዚህ መጻሕፍትና ሰነዶች ውስጥ የተራራው ሰው እንደ ጥፋተኛ ሳይሆን እንደ ባለ ጉዳይ ነው የሚታየው።

ከሰሜንም አንድ መጽሐፍ ወጣ። ሃንስ ሁርኒና ኤቫ ሉዲ በ2000 በበርን ያሳተሙት፣ ርእሱ «ጥበቃን ከዘላቂ ልማት ጋር ማስታረቅ» የሚል። በፓርኩ ውስጥና ዙሪያ ያሉ መንደሮችን፣ ነዋሪዎቹን እያሳተፉ ያጠኑት ጥናት ነው። ያየውም ዋልያን ብቻ አይደለም፤ የምግብ እጥረቱን፣ የትምህርት ቤቱን ርቀት፣ የማሳውን ጥበት ሁሉ አይቷል። ርእሱ ራሱ ሁለት የተጣሉ ወገኖች መኖራቸውን ያምናል፤ እርቅም ይጠይቃል።

ሆኖም በቢሮዎች ውስጥ የሚሠራበት መጽሐፍ ሌላ ነበር። በ1996 ዩኔስኮ ሰሜንን በአደጋ ላይ ባሉ ቅርሶች መዝገብ አስገባ፤ ምክንያቱ የዋልያ ቁጥር መቀነስ፣ በፓርኩ ያለው ሰፈራና እርሻ፣ በውስጡ የሚያልፈው መንገድ ነበር። በባሕር ዳር ያለው የክልሉ አስተዳደር ውሳኔውን ተቃወመ፤ የሰማውም ከተወሰነ በኋላ ነው። ከመዝገቡ ለመውጣት ከተቀመጡት መለኪያዎች መካከል ወሰኑን አስተካክሎ መንደሮችን ውጭ ማድረግ፣ ፓርኩን ማስፋት፣ በውስጡ የሚኖረውን ሰው መቀነስ ይገኙበታል።

ወሰኑ ተስተካከለ፤ ፓርኩም ወደ 412 ካሬ ኪሎ ሜትር ሰፋ። የቀረው የግጭ ጉዳይ ነበር። ግጭ በፓርኩ መሐል ናት፤ ወሰን በማጠፍ ውጭ አትሆንም። ድርድሩ ዓመታት ፈጀ፤ ካሳ ተከፈለ፤ በደባርቅ የቤት መሥሪያ ቦታ ተሰጠ። ይህን ከደርግ ዘመን ማፈናቀል ጋር አንድ ማድረግ ፍትሐዊ አይሆንም። ግን «በፈቃዳቸው ተነሱ» የሚለው ቃልም መመርመር አለበት። ግጦሽ በየጊዜው የሚከለከልበት፣ አዲስ ነገር መሥራት የማይፈቀድበት፣ «አንድ ቀን ትነሳላችሁ» እየተባለ የኖረ ሰው ፈቃዱ ምን ያህል ፈቃድ ነው? ደባርቅ ደግሞ ከተማ ናት። ገብስ ማምረትና በግ ማርባት የሚያውቅ ገበሬ የካሳ ገንዘቡ ሲያልቅ በከተማ ምን ሆኖ ይኖራል?

ፈረንሳዊው የታሪክ ምሁር ጊዮም ብላን ይህን ጥያቄ ይዘው በ2020 በፈረንሳይኛ፣ በ2022 በእንግሊዝኛ አንድ መጽሐፍ አሳተሙ። ርእሱ «የአረንጓዴ ቅኝ አገዛዝ ፈጠራ» የሚል ነው። ክርክራቸው ስለታም ነው። ስዊዘርላንድና ፈረንሳይ ውስጥ በተራራ የሚኖር እረኛ የቅርሱ አካል ተብሎ ይደገፋል፤ በኢትዮጵያ ያው እረኛ የቅርሱ አጥፊ ተብሎ ይነሳል። መጽሐፉ ብዙ አከራክሯል። የጥበቃ ባለሙያዎች የዋልያን አደጋ ያቃልላል፣ የኢትዮጵያን መንግሥታት የራስ ውሳኔ ያሳንሳል ብለው ይወቅሱታል። ወቀሳው ባዶ አይደለም። ዋናው ጥያቄው ግን መልስ አላገኘም፦ አንድ ዓይነት ኑሮ በአንዱ አህጉር ባህል፣ በሌላው ጥፋት የሚባለው በምን መለኪያ ነው?

▪️ ያልተጻፈው መጽሐፍ

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን ነገር ከሰሜን ወደ ደቡብ ሲወረድ በመንዝ ይገኛል። ጓሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3200 ሜትር የሚበልጥ፣ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ውርጭማ አገር ነው። ጅብራ አለው፣ ጭላዳ አለው፣ በዓለም ላይ ከ500 ያነሱ አዋቂዎች ብቻ የቀሩት ቀይ ቀበሮም አለው። የሚጠራበት የጓሳ ሣር ደግሞ የመንዝን ቤት ይከድናል፣ ገመድ ይሆናል።

ዘለዓለም ተፈራ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ በ2001 የዶክትሬት ጥናታቸውን በዚህ መሬት ላይ ሠሩ። ያገኙት ነገር ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የቆየ «ቄሮ» የተባለ ሥርዓት ነው። የመሬቱ ተጠቃሚዎች ከመጀመሪያዎቹ አቅኚዎች የሚወለዱ ባለርስቶች ናቸው። «አባ ቄራ» የሚባል አለቃ ይመርጣሉ። ሣሩ እስኪያገግም ድረስ ጓሳ ይዘጋል፤ አንዳንዴ ሦስት፣ አንዳንዴ እስከ አምስት ዓመት። ሲከፈትም በበጋው ነው፤ የሐዋርያት ጾም ሲፈታ፣ ክረምቱ ሲገባ፣ ተመልሶ ይዘጋል። ጥበቃው በየተራ ነው፤ የሰረቀ ይቀጣል። የቀበሮው ምግብ የሆነችው አይጥ በሣሩ ውስጥ ትኖራለች፤ ሣሩ ሲጠበቅ ቀበሮው ይተርፋል። የመንዝ ሰው ቀበሮን ለማዳን ብሎ ቄሮን አላቆመም። ቤቱን ለመክደን አቆመው፤ ቀበሮውም አብሮ ዳነ።

ቄሮን ሰማይ ላይ መስቀል አያስፈልግም። ባለርስት ያልሆነውን ያገለለ ሥርዓት ነበር። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲወጣ የቆመበት መሠረት ፈረሰ፤ የተገለለውም ወደ ጓሳ ገባ፤ መሬቱም ተጎዳ። የሚገርመው ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ሰዉ ሥርዓቱን በሌላ መልክ፣ የቀበሌዎቹን ሁሉ ነዋሪ አሳትፎ፣ በኮሚቴ መልሶ አቆመው። በኋላም የአማራ ክልል የማኅበረሰብ ጥበቃ ቦታ ብሎ በደንብ እውቅና ሰጠው። በርስት የሚገባበት ሥርዓት በነዋሪነት የሚገባበት ሆነ ማለት ነው። ይህን ያደረገ ሕዝብ «ስለ ጥበቃ ግንዛቤ ይጎድለዋል» ይባላል?

ሀክስሊ በ1963 ሲመጡ ቄሮ ወደ 300 ዓመት ሆኖት ነበር። መጽሐፍ ግን አልነበረውም።

▪️ ለምን የድሮው መጽሐፍ ያሸንፋል?

አንደኛ፣ የመጀመሪያው ታሪክ ቀላል ነው። እንስሳ፣ አጥፊ፣ አዳኝ። በአንድ ገጽ ይጻፋል፤ በአንድ ስብሰባ ይጸድቃል። እርቅ ግን ረጅም ነው፤ የእያንዳንዱን መንደር ስም ማወቅ ይጠይቃል።

ሁለተኛ፣ የተነሱ አባወራዎች ይቆጠራሉ። ለሪፖርት የሚመች ቁጥር ነው። ያልተነሱ፣ ግን አስተራረሳቸውን የለወጡ ገበሬዎች ለመቆጠር ይከብዳሉ።

ሦስተኛና ዋናው፣ አብዛኞቹ መጻሕፍት የተጻፉት በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ ነው። የሚከራከሩት ምሁራን እርስ በርሳቸው ይነባበባሉ። የደባርቅ፣ የጃናሞራ፣ የአዲአርቃይ ሰው ስለ ራሱ የተጻፈውን አያነብም። ያላነበበውን አይሞግትም። መጽሐፉ ሲታረምም ማረሚያው አይደርሰውም፤ የሚደርሰው የመጀመሪያው እትም ያዘዘው ትእዛዝ ነው።

ዛሬ የሰሜን ጉዳይ ያለቀ ይመስላል፤ አላለቀም። በ2011 ዓ.ም. በፓርኩ በተነሳው ቃጠሎ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች እስኪመጡ ድረስ ቅጠል ይዞ ከእሳቱ ጋር የታገለው የአካባቢው ሕዝብ ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ እስከ ፓርኩ አካባቢ ደረሰ፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ክልሉ በሌላ ግጭት ውስጥ ነው። ቱሪስቱ ቀረ፤ በቱሪስቱ ይኖር የነበረው በቅሎ ጫኝ፣ መሪ፣ ምግብ አብሳይ ሁሉ ሥራ ፈታ። በአንድ ወቅት አገግሞ የነበረው የዋልያ ቁጥርም በእጅጉ ማሽቆልቆሉ ተነግሯል።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ሁሉንም ወገን ሊያስደነግጥ ይገባል። መንደሩ ተነስቷል፤ መዝገቡ ጸድቷል፤ ዋልያው ግን እየቀነሰ ነው። ሰው ሲነሳ እንስሳ ይድናል የሚለው ስሌት በሰላም ጊዜ ብቻ፣ ዘበኛ ደመወዝ ሲያገኝ ብቻ የሚሠራ ሆኖ ተገኘ። በክፉ ቀን ተራራውን የሚጠብቀው ተራራው የእኔ ነው የሚል ሰው ነው። የመንዝ ሰው የመሬት አዋጁንም፣ የመንግሥታትን መለዋወጥም አሳልፎ ጓሳን ያቆየው በዚህ ነው።

ስለዚህ ወደፊት ስለ ሰሜን የሚጻፈው መጽሐፍ የት እንደሚጀመር ግልጽ ነው። ደባርቅ ከወረዱት የግጭ ሰዎች ይጀመር። ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ እንዴት እንደኖሩ፣ ማን እንደተቋቋመ፣ ማን እንደተበተነ ይመዝገብ። በተራራው ሳሉ የትኛውን ግጦሽ መቼ ይዘጉ እንደነበር፣ ዋልያው በየትኛው ገደል እንደሚወልድ ይጠየቁ፤ ይህን የሚያውቁ ሽማግሌዎች በየዓመቱ እያለፉ ነው። በዙሪያው ገና ያሉት መንደሮችም የግጭ ዕጣ ሳይደርሳቸው፣ የጓሳ ዓይነት መብትና ኃላፊነት በሕግ ይሰጣቸው እንደሆነ በግልጽ ይወሰን። መጽሐፉም በአማርኛ ይታተም፤ የተጻፈባቸው ሰዎች ስህተቱን እንዲያርሙት።